ከሀዋሳ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው? በሰፊው ለተሰራጨ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአዲስ አበባና በሀዋሳ መካከል ስላለው የአየር ጉዞ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እዚህ ሀዋሳ በየመሥሪያ ቤቱ መነጋገሪያ ከመሆኑም በላይ፣ የፍጥነት መንገዱን ጥቅም የሚጠራጠሩ ሰዎች እንደ ማስረጃ ሲጠቅሱት ሰምቻለሁ። ጸሐፊው ጉዳዩን በስሜት ሳይሆን በቁጥር ለማስረዳት መሞከራቸው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ቁጥሮቹ የተያያዙበት መንገድ ልክ አይደለም፤ ከዚያ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያም ከተማችንንና በመንገዱ ላይ ያሉትን ከተሞች ሁሉ የሚጎዳ ነው ብዬ ስለማምን፣ የጽሑፉን ነጥቦች አንድ በአንድ እያነሣሁ መልስ መስጠትን መርጫለሁ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ሁለቱ ከተሞች 275 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ፤ አውሮፕላን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ስለዚህ በረራው ከ20 ደቂቃ እምብዛም ሊበልጥ አይገባም፣ ትኬት ላይ የሚጻፈው 45 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሆነ ጊዜም ያለ አግባብ የተጋነነ ነው ይላሉ። መኪና አምስት ሰዓት ስለሚፈጅ በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ከአራት ሰዓት በላይ ያተርፋል ሲሉም ይቀጥላሉ። ርቀቱ አጭር ስለሆነ በረራው በባሕርይው ርካሽ መሆን እንዳለበት፣ የሠለጠነው ዓለምም ቅርብ ከተሞችን በአየር ማገናኘትን እንደመረጠ ይገልጻሉ። በመጨረሻም ለሞጆ ሀዋሳ የፍጥነት መንገድ የሚወጣው ገንዘብ በከንቱ የሚባክን ስለሆነ በረራው እንዲበዛ፣ አዳማም የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ እንዲኖራትና ከአዲስ አበባ ጋር በ10 ደቂቃ በረራ እንድትገናኝ ሐሳብ ያቀርባሉ። የጸሐፊውን አሳብ ሳላጣምም ያቀረብኩ ይመስለኛል።

ከርቀቱ ልጀምር። 275 ኪሎ ሜትር የመንገድ ርቀት እንጂ የአየር ርቀት አይደለም። መኪናው ከአዲስ አበባ ወጥቶ በአቃቂና በቢሾፍቱ በኩል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄድና ሞጆ ሲደርስ ነው ወደ ደቡብ የሚታጠፈው፤ ከዚያ መቂን፣ ባቱን፣ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን አልፎ በጥቁር ውሃ በኩል ሀዋሳ ይገባል። አውሮፕላን በሞጆ የሚዞርበት ምክንያት የለውም። በቦሌና በሀዋሳ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት 215 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጸሐፊው የመኪናውን ርቀት ወስደው ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍለዋል ማለት ነው።

በቅንነት ለመናገር ይህ እርማት በራሱ የሚረዳው እርሳቸውን ነው፤ ምክንያቱም 215 ኪሎ ሜትር በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ሲካፈል 16 ደቂቃ ብቻ ይመጣል። ነገር ግን አውሮፕላን ከቆመበት ቦታ ተነሥቶ ወዲያውኑ በሙሉ ፍጥነት የሚበርና መድረሻው ላይ በዚያው ፍጥነት የሚቆም ነገር አይደለም። ቦሌን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ማኮብኮቢያዎቹ በግርድፉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ሲሆኑ ሀዋሳ ግን በስተደቡብ ናት። ስለዚህ አውሮፕላኑ እንደ ነፋሱ አቅጣጫ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ተንደርድሮ ይነሣል፣ ከዚያም እየወጣ ይዞራል፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወደ መድረሻው የሚያቀርቡት በጥቂቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በዚህ ምክንያት አውሮፕላኑ ለመነሣት ረዘም ላለ ርቀት መንደርደር ግድ ይለዋል። 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ሀዋሳ ሲቃረብ ደግሞ ገና በመካከለኛ ርቀት ላይ እያለ ፍጥነቱን መቀነስ፣ መውረድና ከማኮብኮቢያው ጋር መስመር መያዝ ይጀምራል። በዚህ አጭር ጉዞ ውስጥ አውሮፕላኑ በሙሉ የጉዞ ፍጥነቱ የሚቆይበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ በብዛት የሚሠራው ዳሽ 8 ኪው 400 የተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ደግሞ ከፍተኛ የጉዞ ፍጥነቱ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ እንጂ 800 አይደርስም።

ሁለተኛው የተዘነጋ ጉዳይ በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ምን እንደሚለካ ነው። አየር መንገዶች የሚያሰፍሩት ጎማው መሬት ከለቀቀበት እስከ ነካበት ያለውን ጊዜ አይደለም። አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት ጀምሮ በመድረሻው መቆሚያ ላይ እስከሚቆም ያለውን ጊዜ ነው። በቦሌ ትላልቆቹ ዓለም አቀፍ በረራዎች በተከታታይ በሚነሡበት ሰዓት አንድ የሀዋሳ አውሮፕላን ሞተሩን አስነሥቶ ተራውን ይጠብቃል፤ ይህም ጊዜ ይቆጠራል። በከተሞች መካከል ያለውን ርቀትና የበረራ ጊዜ ከሚያሰሉ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ካካፈሉ በኋላ ለመነሣትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት የሚጨምሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የእኛን 16 ደቂቃ በዚህ ስሌት ብንወስድ 46 ደቂቃ ይሆናል፤ ጸሐፊው የተጋነነ ነው ካሉት የትኬት ሰዓት ጋር የሚገጥም ቁጥር ነው።

ማነጻጸሪያ ከተፈለገ ባሕር ዳርን ማየት ይበቃል። ከቦሌ ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከሀዋሳው በግማሽ ያህል ይበልጣል። የበረራ ጊዜው ግን በግማሽ አይጨምርም፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ተጨማሪው ርቀት የሚሸፈነው አውሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነቱ በሚበርበት ክፍል ስለሆነ የሚጨምረው ጊዜ ጥቂት ነው። የጸሐፊው ስሌት ትክክል ቢሆን ኖሮ የባሕር ዳሩ በረራ 25 ደቂቃ ብቻ መሆን ነበረበት።

ወደ ዋናው ነጥብ ስመጣ፣ አራት ሰዓት ይተርፋል የሚለው አባባል በጣም ብዙ ሰው ያሳመነው ክፍል ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልመረምረው እወዳለሁ። ጸሐፊው ያነጻጸሩት የመኪናውን ሙሉ ጉዞ ከአውሮፕላኑ የአየር ላይ ቆይታ ጋር ነው። ሁለቱን ለማወዳደር ግን መለኪያው አንድ መሆን አለበት፤ እርሱም ሰው ከቤቱ ደጃፍ ከወጣበት ጉዳዩ ካለበት ቦታ እስከሚደርስ ያለው ጊዜ ነው።

በሀዋሳ አረብ ሰፈር የሚኖርና መርካቶ ጉዳይ ያለውን አንድ ነጋዴ እናስብ። አውሮፕላኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይነሣል እንበል። ከበረራው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ ለመገኘት 1፡30 ላይ ተርሚናሉ መድረስ አለበት። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ መኪና ከመፈለግ ጋር 40 ደቂቃ ብንይዝለት ከቤቱ የሚወጣው 12፡50 ላይ ነው። መግቢያው ላይ ይፈተሻል፤ ሻንጣውን ያስመዝናል፤ የመሳፈሪያ ካርዱን ይቀበላል፤ ቀበቶና ጫማውን አውልቆ እንደገና ይፈተሻል፤ ከዚያም ቁጭ ብሎ ጥሪ ይጠብቃል። 3 ሰዓት ላይ የተነሣው አውሮፕላን 3፡50 ላይ ቦሌ ይቆማል። ወርዶ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ ከግቢው ወጥቶ ታክሲ እስኪይዝ 25 ደቂቃ ቢፈጅበትና ከቦሌ መርካቶ በ45 ደቂቃ ቢደርስ 5 ሰዓት ላይ ጉዳዩ ካለበት ቦታ ይገኛል። ከደጃፍ እስከ ደጃፍ አራት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወስዶበታል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ውስጥ መዘግየት የለም፣ ጭጋግ የለም፣ የተሰረዘ በረራ የለም።

ያው ሰው በዚያው 12፡50 ላይ በራሱ መኪና ቢነሣስ? ከባቱ እስከ ሞጆ ያለውን የፍጥነት መንገድ ይዞ በአራት ሰዓት ተኩል ቃሊቲ ቢደርስ 5፡20 ይሆናል፤ መርካቶ ለመግባት ደግሞ ሌላ 45 ደቂቃ ቢጨምር 6፡05 ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት ከሄደ ደግሞ መናኸሪያ ለመድረስና ተሽከርካሪው እስኪሞላ ለመጠበቅ ግማሽ ሰዓት ከዚያም በላይ ሊጨመርበት ስለሚችል ልዩነቱ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ከፍ ይላል። ይህ ቀላል ጊዜ አይደለም፤ አውሮፕላኑ እንደሚቀድምም አልክድም። ነገር ግን የተረፈው ጊዜ አራት ሰዓት አይደለም። ጉዳዩ ያለው መርካቶ ሳይሆን ቃሊቲ፣ አቃቂ ወይም ሳሪስ ቢሆን ኖሮ የደቡቡ መንገድ የሚገባው በዚያው በኩል ስለሆነ ልዩነቱ ይበልጥ ይጠብ ነበር።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንደኛው የመነሻ ሰዓት ነው። አውሮፕላን በቀን የተወሰነ ጊዜ ብቻ ይበራል፤ ተሳፋሪው ጉዳዩን ከአውሮፕላኑ ሰዓት ጋር ያስማማል እንጂ አውሮፕላኑ ከተሳፋሪው ጉዳይ ጋር አይስማማም። መናኸሪያ ግን ከንጋት ጀምሮ የሚወጣ መኪና አይጠፋም። ቀጠሮው ቀን 8 ሰዓት የሆነ ሰው የጠዋቱን በረራ ይዞ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰዓት ቁጭ ካለ፣ አውሮፕላኑ የሰጠውን ጊዜ መልሶ ወስዶበታል። ሁለተኛው የጊዜው ጥራት ነው። በአውቶቡስ የተቀመጠ ሰው አራት ሰዓቱ ያልተቆራረጠ ስለሆነ ይተኛል፣ ያነባል፣ ስልክ ይደዋወላል። የአየር ተጓዡ አራት ሰዓት ግን በታክሲ፣ በሰልፍ፣ በፍተሻ፣ በመጠበቂያ ወንበርና በሻንጣ መጠበቂያ መካከል የተበጣጠሰ ነው፤ በአንዱም ላይ ሰው ደህና ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ጸሐፊው የአምስት ሰዓቱ ጉዞ አድካሚ ነው ማለታቸው ልክ ነው። አሮጌውን መንገድ የምናውቅ ሰዎች ይህን አንክድም። ከሻሸመኔ ሀዋሳ ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም የአህያ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከብትና ከባድ ጭነት መኪና በአንድ መስመር ስለሚጓዙበት የሹፌሩ እግር ከፍሬን ላይ አይነሣም፤ አንድ ተሳቢ ለመቅደም ከፊት የሚመጣው ባዶ እስኪሆን ኪሎ ሜትሮች ይታለፋሉ። በዚህ ሁኔታ መቅደም የሚያስከትለውን አደጋ በየጊዜው እናያለን፣ እንሰማለን። በደህንነት ረገድ አውሮፕላን ከመኪና በብዙ ይበልጣል፤ ይህን ነጥብ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ከውጭ አገር መጥቶ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ወደ ሀዋሳ ለሚቀጥል መንገደኛም በረራው ተወዳዳሪ የለውም፤ ቀድሞውኑ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ስለሆነ ከከተማው ወደዚያ ለመሄድ የሚያጠፋው ጊዜ የለም። ለከፍተኛ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለሚላክ ታማሚም እንዲሁ። ስለዚህ በረራው ይቅር የሚል አቋም የለኝም። የምቃወመው ለጥቂቶች በትክክል የሚያገለግለውን ነገር ለሁሉም መፍትሔ አድርጎ ማቅረብን ነው። ከዚህም ሌላ የመንገዱ አደገኛነት መንገዱን ለማሻሻል ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ሁለቱን አቅጣጫ በአካፋይ የሚለይ፣ እግረኛና ከብት የማይገባበት የፍጥነት መንገድ የሚሠራው አንዱም ለዚህ ነው።

አጭር በረራ በባሕርይው ርካሽ ነው የሚለው ነጥብ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ እውነታው ተቃራኒው ነው። አውሮፕላን ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥለው ሲነሣና ከፍታ ሲይዝ ነው። በረጅም በረራ ይህ ወጪ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ይከፋፈላል፤ በ215 ኪሎ ሜትር በረራ ግን ሁሉም በዚያች አጭር ርቀት ላይ ያርፋል። የማረፊያ ክፍያ፣ የምድር አገልግሎትና የሠራተኞች ዝግጅት ለአጭርም ለረጅምም በረራ ይከፈላል። ማረፊያ ጎማውና ሌሎች ብዙ ክፍሎች የሚመረመሩትና የሚቀየሩት ደግሞ በተጓዘው ኪሎ ሜትር ሳይሆን በመነሣትና በማረፍ ብዛት ነው። በዚህ የተነሣ የአጭር በረራ ዋጋ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከረጅሙ ይበልጣል። የአውሮፕላኑ ትኬት የአውቶቡሱን ዋጋ በርካታ እጥፍ መሆኑን ጸሐፊው ራሳቸው አንሥተው የማስተዳደር ድክመት ነው ብለውታል፤ የሚበዛው ምክንያት ግን የፊዚክስና የሒሳብ ነው።

የሠለጠነው ዓለም ቅርብ ከተሞችን በአየር ያገናኛል ለሚለው፣ ጸሐፊው በማስረጃነት ያቀረቡት በጣም አጭር በረራዎች አሉ የሚለውን ብቻ ነው። አዎ አሉ። በስኮትላንድ የኦርክኒ ደሴቶች ዌስትሬይና ፓፓ ዌስትሬይ በተባሉት መካከል ሦስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት በሁለት ደቂቃ ፕሮግራም የሚሸፍን በረራ አለ፤ በዓለም አጭሩ መደበኛ በረራም እርሱ ነው። የኮንጎ ወንዝ ብቻ በሚለያቸው በኪንሻሳና በብራዛቪል መካከልም በረራ ኖሯል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ መካከል ባሕር አለ፣ በሁለተኛዎቹ መካከል ድልድይ ያልተሠራበት ታላቅ ወንዝ አለ። እነዚህ በረራዎች የኖሩት ከተሞቹ ቅርብ ስለሆኑ አይደለም፤ ቅርብ ሆነው ሳለ መንገድ ስላላገናኛቸው ነው።

በየብስ የተገናኙ ቅርብ ከተሞች ዘንድ የሆነውን ብናይ አካሄዱ ሌላ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2023 ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ በባቡር መድረስ በሚቻልባቸው መስመሮች ላይ በረራ የሚከለክል ደንብ አውጥታለች፤ ከፓሪስ ኦርሊ ወደ ሊዮን፣ ወደ ናንትና ወደ ቦርዶ ይደረጉ የነበሩት በረራዎች የተነኩት በዚህ ነው። በቻይና ዠንግዡና ሺያን በፈጣን ባቡር የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ2010 ነበር፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል የነበሩት በረራዎች ሁለት ወር ሳይሞላ ቆሙ። በእነዚያ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት ከእኛው ይበልጣል፤ እስከ እጥፍ የሚደርስም አለ። እኛ ፈጣን ባቡር የለንም፣ ስለዚህ የፈረንሳይን ደንብ እንቅዳ አልልም። የምለው ቅርብ ከተሞችን በምድር በደንብ ያገናኘ አገር አየሩን ለረጅሙ ጉዞ ትቶታል ነው።

እዚህ ላይ የመልክዓ ምድርን ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም፤ የአገራችን በረራዎች ሁሉ በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውምና። ባሕር ዳር ለመድረስ በደብረ ማርቆስ በኩል ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን የአየር ርቀቱ 330 አካባቢ ነው፤ በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ፣ መኪና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ መልሶ ይወጣዋል። ላሊበላም ሆነ አክሱም እንዲሁ በተራራና በገደል የተከለሉ ናቸው። በእነዚህ መስመሮች አውሮፕላን የሚያተርፈው ጊዜ እውነተኛና ትልቅ ነው። የሀዋሳ መንገድ ግን ከሞጆ ጀምሮ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ በቆቃ፣ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በአቢያታና በሻላ ሐይቆች አጠገብ በአመዛኙ ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው። 275 ከ215 ጋር ሲነጻጸር መንገዱ የሚጨምረው ከአንድ ሦስተኛ በታች ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ ለፈጣን መንገድ እንዲህ የተመቸ መሬት በቀላሉ አይገኝም።

እንግዲህ የፍጥነት መንገዱ ብክነት ነው ወደሚለው እንምጣ። የሞጆ ሀዋሳ የፍጥነት መንገድ 202 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከሞጆ መቂ፣ ከመቂ ባቱ፣ ከባቱ አርሲ ነገሌ፣ ከአርሲ ነገሌ ሀዋሳ ተብሎ በአራት ተከፍሎ የተጀመረ ነው። ገንዘቡ ከመንግሥት በጀት ሌላ ከአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከዓለም ባንክ፣ ከኮሪያና ከቻይና የኤግዚም (የወጪና ገቢ ንግድ) ባንኮች ለዚሁ ሥራ የተገኘ ብድር ነው። ለመንገድ የተፈቀደን ብድር አንሥቶ ለበረራ ማዋል እንደማይቻል ጸሐፊው የሚያጡት አይመስለኝም። ከሁሉ በላይ ግን መንገዱ የተሠራው ሰው ከሀዋሳ አዲስ አበባ እንዲመላለስ ብቻ አይደለም። ወደ ሞያሌና ወደ ናይሮቢ የሚዘልቀው፣ ካይሮን ከኬፕ ታውን ለማገናኘት የታሰበው አህጉራዊ መስመር አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥሬ ዕቃውንና ያለቀለትን ልብስ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብና ወደ ጅቡቲ የሚያመላልሰው በዚሁ ነው። የሲዳማ ቡና የሚሄደው በዚሁ ነው። አንድ ተሳቢ 40 ቶን ገደማ ይጭናል፤ ያ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ሰውና ሻንጣውን ጨምሮ የሚሸከመው ከ9 ቶን አይበልጥም።

መንገደኛው አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ የሚያልፋቸውን ከተሞች ጸሐፊው አንድም ቦታ አላነሷቸውም፤ ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው። መቂ ላይ በመንገዱ ዳር በሣጥን የተደረደረው ቲማቲምና የተቆለለው ሽንኩርት፣ ባቱ ላይ የሚሸጠው ዓሣ፣ የባሌው፣ የወላይታውና የሀዋሳው መንገድ የሚለያዩበት የሻሸመኔ መጋጠሚያ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ የሚኖረው በመንገዱ ነው። ባቱ አካባቢ የሚመረተው የአበባ ምርት እንኳ ወደ አውሮፓ የሚበረው መጀመሪያ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ከደረሰ በኋላ ነው፤ መንገዱ ካልፈጠነ አበባው አውሮፕላኑን አይደርስበትም። ሁለቱን ከተሞች በአየር ብቻ ማገናኘት በመካከላቸው ያለውን ሕዝብ ከሒሳቡ ማውጣት ነው።

የአዳማው ሐሳብ ደግሞ በጸሐፊው በራሳቸው ስሌት የሚወድቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ የገባ መኪና አንድ ሰዓት ሳይሞላው አዳማ ይደርሳል። በረራው በእርግጥ 10 ደቂቃ ቢሆን እንኳ ከበረራው በፊት ያለው መጠበቅ ብቻ ከመኪናው ጉዞ ይበልጣል። ወደ አዳማ የሚወጡት ሚኒባሶች ቃሊቲ ላይ ሞልተው በሚነሡበት ፍጥነት የሚወዳደራቸው የአየር ፕሮግራም ሊኖር አይችልም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ለሚገነባው ታላቅ አውሮፕላን ማረፊያ የተመረጠው ቦታም ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ሲሆን፣ ያለውም በዚሁ በአዳማና በሀዋሳ አቅጣጫ ነው። ወደፊት የሀዋሳ በረራ ከዚያ እንዲነሣ ቢደረግ፣ የአዲስ አበባው ተሳፋሪ አውሮፕላን ለመያዝ የሀዋሳን መንገድ አንድ ሰባተኛ ያህል በመኪና ይሄዳል ማለት ነው፤ ያኔ ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ባለው ስሌት ለመንገዱ የሚያደላ ሒሳብ ይመጣል።

ከባቱ ወዲህ ያለው ክፍል ተጠናቆ መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲያገለግል የሚኖረውን ጊዜ ማስላትም ይቻላል። 202 ኪሎ ሜትር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሁለት ሰዓት ነው፤ ከሞጆ ቱሉ ዲምቱ 40 ደቂቃ እንጨምርበት፤ ከቱሉ ዲምቱ እስከ መርካቶ ለከተማው መጨናነቅ አንድ ሰዓት ከሩብ እንስጠው። ድምሩ አራት ሰዓት አይሞላም፤ የነጋዴው የአውሮፕላን ጉዞ ደግሞ አራት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነበር።

ጸሐፊው ለበረራው ካላቸው ፍላጎት የተነሣ ጊዜውን በእውነት ማሳጠር ከፈለጉ ትኩረታቸውን ከአየሩ ላይ አንሥተው ወደ ምድሩ ቢመልሱት ይጠቅማል። አውሮፕላኑ በሙሉ ፍጥነት የሚበርበት ክፍል 15 ደቂቃ ነው ብለን ብንገምትና ፍጥነቱን በእጥፍ የሚጨምር ሞተር ቢገኝ፣ የሚተርፈው ሰባት ተኩል ደቂቃ ነው። ከሀዋሳ መሃል ከተማ እስከ ተርሚናሉ ከእያንዳንዱ በረራ ጋር የተገናዘበ ሰዓት ያለው አውቶቡስ ቢመደብ፣ በእጅ ሻንጣ ብቻ ለሚጓዝ ሰው የተለየ አጭር ሰልፍ ቢኖር፣ በቦሌም ከአገር ውስጥ ተርሚናል በር ላይ ወደ ከተማው ዋና ዋና አካባቢዎች የሚወስድ መደበኛ ትራንስፖርት ቢቆም፣ በእነዚህ በሦስቱ ብቻ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ማትረፍ ይቻላል፤ ለዚህም አዲስ አውሮፕላንም ሆነ አዲስ ማኮብኮቢያ አያስፈልግም።